የድሮ መኪና የፊት ሞላ ግቢ ውስጥ ለማውጣት የትኛው መንገድ ይሻላል?

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ግቢዬ ውስጥ የዲኤክሴን፣ የድሮዋን ኮሮላዬን፣ የፊት ሞላ ልቀይር ስነሳ አምስት ሰው አምስት አይነት ምክር ሰጠኝ። አንዱ በሽቦ እሰረውና ፍታው አለ፣ አንዱ የሞላ መጭመቂያ ተዋስ አለ፣ አንዱ ሞላውን ተወውና በመሃሉ ጎማ ሰክበት አለ፣ አንዱ ሙሉውን ከአዲሳባ አስመጣ አለ፣ ጎረቤቴ ደግሞ "ለጋራዥ ስጥና ቡናህን ጠጣ" ብሎ ሳቀብኝ። ሁሉም እርግጠኛ ሆኖ ነው ሚያወራው፣ ግን ይሄኛው ለዚህ መኪና ያኛው ለዛ መኪና ብሎ ለይቶ ሚነግር ጠፋ። ከዛ ወዲህ የራሴን ሁለቴ፣ የወንድሜን ቪትዝ አንዴ፣ የአንድ ወዳጄን ላዳ ደግሞ አብሬው ሆኜ ስላወጣን የለየሁትን ልጻፈው ብዬ ነው። መካኒክ አይደለሁም፣ ፊዚክስ ነው ማስተምረው፣ መፍቻ መያዝ የለመድኩት መኪናዋ እያረጀች ስትመጣ ነው።

መጀመሪያ የናንተ መኪና ፊት እንዴት እንደተሰራ እዩ፣ ምርጫው ግማሹ እዛ ጋር ነው ሚያልቀው። ዲኤክስ (በፈረንጆቹ ከ1979 ጀምሮ የተሰራችው ኮሮላ)፣ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ባጠቃላይ አብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ፊታቸው ማክፈርሰን ሚባለው ነው፣ ማለትም ሾኩ (ንዝረት ማብረጃው) መሃል ላይ ይቆማል፣ ሞላው ዙሪያውን ይጠመጠማል፣ ከላይ በአንድ ዳዶ ተቆልፎ ሁሉም አንድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይሄን ሙሉ ነገር ከዚ በኋላ "እግር" ነው ምለው። ላዳ ግን ሌላ ነው፣ ከላይና ከታች ሁለት ብራቾ (ጎማውን ከሻሲው ጋር ሚያገናኝ ክንድ) አለው፣ ሞላው በመሃላቸው ተጨምቆ ተቀምጧል፣ ሾኩ ደግሞ በሞላው ውስጥ ያልፋል። ሃያስ ወይም አባዱላ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አትድከሙ፣ ፊቱ ላይ ሞላ ፈልጋችሁ አታገኙም፣ ሚጠማዘዝ ረጅም ብረት ነው ያለው፣ ቶርሽን ባር ሚሉት። ቮልስም አብዛኛው እንደዛው። አይሱዙ ባሌስትራ (ተደራራቢ ብረት) ነው፣ እሱን ለባለሙያዎቹ እንተወው።

ላንድክሩዘር 80 ላላችሁ አንድ መስመር ልጨምር፣ ፊቱ ሙሉ አክስል ስለሆነ ሾኩን ፈታችሁ አክስሉን ቀስ አድርጋችሁ ስታወርዱት ሞላው ራሱ ይላላል፣ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር ብቻ ዓይናችሁን አትንቀሉ። የናንተ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ቅናት ይዞኛል።

ደሞ በርግጥ ችግሩ ሞላው ነው ወይ? ብዙ ሰው ፊቱ ጓ ጓ ሲል "ሞላ ነው" ብሎ ይነሳል፣ ስትፈቱት ጎሚኒ ያለቀበት ብራቾ ነው ወይ የላላ ቦል ጆይንት (ብራቾውን ከጎማው በኩል ሚይዘው ኳስ መገጣጠሚያ)። የሞላ ምልክቱ ቁመት ነው። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሙና በሁለቱም ጎን ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለኩ፣ የኔ በሾፌሩ በኩል 3 ሴንቲ ወርዳ ነበር። ከዛ በባትሪ መብራት የታችኛውን ዙር ፈትሹ፣ ሞላ ሚሰበረው ብዙ ጊዜ እዛ ጋ ነው፣ ውሃና ጭቃ ታቅፎ ሚውለው ታችኛው መቀመጫ ስለሆነ መጀመሪያ ይዝጋል፣ ከዛ አንድ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ ቀጭ ይላል። ሾኩ ዘይት እያለቀሰ ከሆነ እሱን ለመቀየርም ቢሆን ሞላውን ማውጣታችሁ አይቀርም፣ ስለዚ አንዴ ከተነሳችሁ ሁለቱንም አብራችሁ አስቡ። ሞላ ደሞ በጥንድ ነው ሚቀየረው፣ አንድ ጎን ብቻ ቀይሮ መኪናን አንካሳ ማድረግ ነው ትርፉ።

ይሄን ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደማበዛ በቁጥር ልንገራችሁ፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው። አንድ የትንሽ መኪና ሞላ 1 ሚሊሜትር ለመጭመቅ 2 ኪሎ ገደማ ጫና ይፈልጋል እንበል። ከተፈጥሮ ቁመቱ 15 ሴንቲ ከጨመቃችሁት 300 ኪሎ ተሸክሟል ማለት ነው። ውስጡ የተጠራቀመው ጉልበት ደሞ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ 50 ኪሎ፣ ከጉልበት ከፍታ ወርዶ ሚያርፍበትን ያህል ነው። ሲሚንቶው ቢወድቅባችሁ እግር ይሰብራል፣ ይሄኛው ግን ያንን ሁሉ በዓይን ጥቅሻ በአንዲት ብረት ጫፍ ነው ሚሰጣችሁ። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ጎማው ተንጠልጥሎ ሞላው "የላላ" ሲመስላችሁም አልላላም፣ ሾኩ እስከመጨረሻው ተዘርግቶ ስላበቃ ነው የቆመው። ሰው ሚሳሳተው እዚ ጋር ነው።

ስለዚ ለኔ ጥያቄው "ቤት ልስራው ወይስ ጋራዥ ልስጠው" ሳይሆን ይሄ ጉልበት የት ይፈታ ነው። ብሎን መፍታት ማንም ይችላል፣ ጊዜ ካለው። ጉልበቱን ማስተንፈስ ነው ሌላ ነገር። ሁለቱን ለያይታችሁ ካያችሁት ምርጫው ይቀላል።

ከቀላሉ ልጀምር፣ በሞላው ዙሮች መሃል ጎማ መሰካት። እዚ ሰፈር ግማሹ መኪና አለው። ምንም ሚፈታ የለም፣ በክሪክ ታነሳላችሁ፣ ዙሮቹ ከፈት ሲሉ ጎማውን ትሰካላችሁ፣ ታወርዳላችሁ፣ መኪናዋ ቀና ትላለች። አደጋው ትንሽ ነው። ግን ያ ዙር መስራት ስላቆመ ጫናውን ሌሎቹ ዙሮች ይካፈሉታል፣ መኪናዋ ደረቅ ትሆናለች፣ የተሰበረ ሞላ ላይ ደሞ ጭራሽ እንዳትሞክሩት። ያረጀ ግን ያልተሰበረ ሞላ ይዛችሁ ብር እስክትይዙ ለሁለት ለሶስት ወር ከሆነ እሽ። ከዛ ካለፈ ራስን ማታለል ነው።

ሙሉውን ለጋራዥ መስጠት ሌላው ነው፣ ስለሱ ብዙ ማወራው የለኝም። ላዳ ከሆነች፣ መሬታችሁ ተዳፋት ከሆነ፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ ወይ ስራው ካስፈራችሁ ስጡ፣ ምንም ነውር የለውም። ብቻ ከመስጠታችሁ በፊት "ሞላውን በምንድነው ምትጨምቁት" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አንድ ቦታ ጠይቄ ልጁ የሽቦ ጥቅልል አሳየኝ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ማክፈርሰን ላላችሁ ሰዎች ምመክረው እግሩን ሙሉ እንዳለ ራሳችሁ ፍቱና አውጡት፣ ሳትከፍቱት ይዛችሁ ግድግዳ ላይ ወይ ጠረጴዛ ላይ የተተከለ መጭመቂያ ወዳለበት ቦታ ሂዱ፣ እነሱ ሞላውን ቀይረው ይስጧችሁ፣ መልሳችሁ ግጠሙ። እግሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞላው በላይኛው ዳዶ ተቆልፏል፣ ተሸክማችሁ በባጃጅ ብትወስዱት ምንም አይላችሁም። ጋራዡ ሚሰራው የአንድ ሰዓት ስራ ነው፣ ለሱ ብቻ ነው ምትከፍሉት። ሙሉ ስራውን ስትሰጡ ግን መፍታቱንም፣ የዛገ ብሎን መታገሉንም፣ መኪናዋ ቦታ ይዛ መዋሏንም ነው ሚያስከፍሏችሁ። ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ቀልድ ይሆናል።

አወጣጡን በደንብ ልንገራችሁ። ማታውኑ በየዳዶው ጥርስ ላይ ፀረ ዝገት ዘይት ንፉ፣ ከሌለ ናፍጣ በብሩሽ ቀቡት፣ ጠዋት ታመሰግኑኛላችሁ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ማርሽ አስገቡ፣ የኋላ ጎማዎች ላይ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። የኛ ሀገር ክረምት መሬት ታውቁታላችሁ፣ ላዩ ደረቅ መስሎ ከስር ሊጥ ነው፣ ክሪኩ ይሰምጣል፣ ወይ ያዘነብላል፣ ስለዚ ከስሩ ወፍራም የባህር ዛፍ ሳንቃ አንጥፉ፣ ሲሚንቶ የተለሰነ ቦታ ካላችሁ ደሞ እሱ ይሻላል። ክሪክ ለማንሻ ነው፣ ለመያዣ አይደለም። ካነሳችሁ በኋላ በሁለቱም ጎን የብረት መቆሚያ በሻሲው ስር አስገቡና ክብደቱን እሱ ይያዝ። ብሎኬት ሚባል ነገር ከመኪና ስር እንዳይገባ፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሲሰነጠቅ አያስጠነቅቅም። የወጣውን ጎማ ደሞ ከመኪናዋ ሆድ ስር አጋድሙት፣ ነገር ከመጣ እሱ ይቀበላል።

ሁለቱንም የፊት ጎን አንድ ላይ ማንሳት ለምን አስፈለገ ለምትሉ፣ ሁለቱን ጎን ሚያገናኘው ማረጋጊያ ብረት አለ፣ አንዱ ጎማ መሬት ላይ ሌላው አየር ላይ ሲሆን ይጠማዘዝና ብራቾውን ወደላይ ይስበዋል፣ ትታገሉታላችሁ ይታገላችኋል። ሁለቱም ሲንጠለጠሉ ይረጋጋል።

ከዛ የፍሬን ቱቦው እግሩ ላይ የተያዘበትን ፍቱ፣ ቪትዝ ላይ የኤቢኤስ ገመድ ካለ እሱንም። ቪትዝና መሰሎቿ ላይ እግሩ ከታች በሁለት ትልልቅ ብሎን ነው የተያዘው፣ ዳዶውን በቡሶላ፣ የብሎኑን ራስ በሌላ መፍቻ ይዛችሁ ፍቱ፣ ግን ከማውጣታችሁ በፊት በቀለም ወይ በካቻቢቴ ጫር አድርጋችሁ አቀማመጡን ምልክት አድርጉ። ዲኤክስ ላይ ነገሩ ይከብዳል፣ የጎማው መዘውር ከእግሩ ጋር የተበየደ አንድ አካል ነው፣ ስለዚ የፍሬን ካሊፐሩን ትፈታላችሁ፣ ከስር የመሪውን ክንድ የያዙትን ሁለት ብሎኖች ትፈታላችሁ፣ እግሩ ከነዲስኩ ይወጣል ማለት ነው፣ ክብደቱ ቀላል አይደለም። ካሊፐሩን በቱቦው እንዳታንጠለጥሉት! በሽቦ ሻሲው ላይ እሰሩት። የሽቦ ቦታው እዚ ጋር ነው፣ ሞላ ላይ አይደለም።

ከላይ ኮፈኑን ስትከፍቱ ሶስት ትንንሽ ዳዶዎች ክብ ሰርተው ይታዩአችኋል፣ በመሃላቸው ደሞ አንድ ትልቅ አለ። ሶስቱን ነው ምትፈቱት። የመሃሉን ከፈታችሁት ሞላውን የያዘውን ብቸኛ ነገር ነው የፈታችሁት። እኔ ከባለቤቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ሰርቄ ቀባሁት፣ እስካሁን ትጠይቀኛለች የት ገባ ብላ። የመጨረሻዋን ዳዶ ስትፈቱ ከስር እግሩን አንድ ሰው አቅፎ ይያዝላችሁ፣ ድንገት ይወርዳል፣ የመዘውሩ ጠርዝም ሹል ነው። ሁለቱን እግር ስታወጡ የግራና የቀኝ ብላችሁ ጻፉበት፣ ሰው አልቀያይርም ይላል፣ ይቀያይራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱ ጎን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ሁለተኛው ሁለት ሰዓት አልሞላም።

ከዚ ጋር ሚወዳደረው ሙሉ እግር መግዛት ነው፣ ሾክና ሞላ ከነላይኛው ጎሚኒ ተገጣጥሞ የመጣ። ደህንነቱን ካያችሁት ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም የተጨመቀ ሞላ ማንም እጅ ላይ አይፈታም፣ አሮጌውን ታወጣላችሁ አዲሱን ትከታላችሁ፣ አለቀ። ለቪትዝ በጣም ጥሩ ነው። ያገለገለ ከሱማሌ ተራ (አዲሳባ ያለው የመለዋወጫ ሰፈር) አስመጥታችሁ ከሆነ ግን ምትገዙት የሰው ድካም ሊሆን ይችላል፣ የሾኩን ዘንግ በጨርቅ ጥረጉትና እርጥበት እንዳለው እዩ፣ ሁለቱን እግሮች አጠገብ ለአጠገብ አቁሙና ቁመታቸውን አስተያዩ፣ የሞላውን የሽቦ ውፍረትና የዙር ብዛት ከራሳችሁ ጋር ቁጠሩ፣ ላዩ ላይ ብየዳ ወይ ግራይንደር የነካው ምልክት ካለ ተመለሱ። አንዳንዱ ሻጭ ከሁለት መኪና አንድ አንድ እግር አምጥቶ ጥንድ ነው ይላችኋል። ለዲኤክስ ደሞ ከነመዘውሩ ስለሚመጣ የኩሽኔታው (ጎማው ሚዞርበት ተሸካሚ) ነገርም ይጨመርበታል፣ ስለዚ ለዲኤክስ የራሳችሁን እግር ይዛችሁ ሞላውን ማስቀየር ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ብዙ ሰው ሚፈልገው ጋ ደረስን፣ በተውሶ መጭመቂያ ራስ መክፈት። በእጅ ሚሰራው መጭመቂያ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ናቸው፣ በያንዳንዱ ጫፍ ሞላውን ሚይዝ መንጠቆ አላቸው። ይሰራል፣ አልክድም፣ ሁለተኛውን ጊዜ እኔም እሱን ነው የተጠቀምኩት። ግን ይሄ መሳሪያ ስህተት አይምርም፣ ከጎረቤት የተዋሳችሁት ደሞ ስንት አመት ስንት ሰው እጅ እንደዞረ አታውቁም።

የመጀመሪያ ሙከራዬን ልንገራችሁ። መንጠቆዎቹን በሶስት ዙር ብቻ አያያዝኳቸው፣ ትይዩ መሆናቸውንም በደንብ አላየሁም፣ አንዱን ብሎን ዝም ብዬ አጠበቅኩ አጠበቅኩ፣ ሞላው እንደ ሙዝ ጎበጠ። ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ፣ ሁላችንም አያ ነው ምንላቸው፣ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ አይተው ኖሯል "አንተ ልጅ! ከፊቱ ዞር በል! ዞር በል አልኩህ!" ብለው ጮሁ። ገብተው ወንበር ላይ ቁጭ አሉና ወደኋላ አንድ አንድ ዙር እያልኩ አላላኩት፣ እሳቸው እየቆጠሩ። ሲያልቅ ላቤ ወርዶ ነበር። "አያ ምን ነበር ሚሆነው?" ስላቸው "እኔ ምን አውቄ፣ እሱ ነው ሚያውቀው" አሉኝ ሞላውን እያሳዩ። እስካሁን ስራ ስጀምር ትዝ ይለኛል።

እሳቸው ቁጭ ብለው ያሳዩኝ እንደዚ ነው። መጀመሪያ የመጭመቂያውን ጥርስ አጽዱና ግሪስ ቀቡት፣ የተበላ ጥርስ ወይ የተጣመመ ብሎን ካለው መልሱት፣ ለባለቤቱም ንገሩት። ሁለቱን ፊት ለፊት፣ ሰዓት ላይ 12ና 6 እንደሚሆኑት፣ አድርጉ። በተቻለ መጠን ብዙ ዙር ያዙ፣ ሞላው ላይ ዘይት ካለ ጥረጉት፣ መንጠቆው እንዳይንሸራተት። መንጠቆው መቆለፊያ ፒን ካለው አስገቡት፣ ብዙ ሰው ይጥለዋል። ከዛ አንዱን ሁለት ዙር፣ ሌላውን ሁለት ዙር፣ በመፍቻ በእጅ። በአየር ወይ በኤሌክትሪክ ማሽን ማጥበቅ የለም፣ ጥርሱን ያቃጥለዋል፣ እናንተም ስሜቱ አይገባችሁም። እግሩ ወለል ላይ ተጋድሞ ጫፎቹ ወደ ግድግዳ እንጂ ወደ ሰው እንዳይዞሩ አድርጉ። እናንተም ከጎኑ እንጂ በጫፎቹ አቅጣጫ አትቀመጡ፣ ልጆችና ዶሮ ጭምር ይውጡ፣ ቀልድ አይደለም የኔ ዶሮዎች መሃል ገብተው ነበር።

በቃ የት ላይ ነው ምናቆመው? ሞላው ከላይኛው መቀመጫው ሲለቅና በእጅ ስትነኩት ዞር ማለት ሲጀምር። ከዛ በላይ መጭመቅ ጥቅም የለውም፣ ዙሮቹ እርስ በርስ እስኪነካኩ ድረስ ማምጣት ደሞ መሳሪያውን መግደል ነው። አሁን ነው የመሃሉ ዳዶ ሚፈታው፣ ቀደም ብሎ አይደለም። ዘንጉ አብሮ እየዞረ እምቢ ካለ ጫፉ ላይ ያለውን ቅርጽ በሌላ ቁልፍ ይዛችሁ ፍቱ፣ ዘንጉን በፒንሳ መንከስ የለም፣ የሾኩን ጎሚኒ ሚቀደው እሱ ነው። መኪናዋ ገና ጎማዋ ላይ ቆማ እያለች ያን ዳዶ ሩብ ዙር ብቻ አላልተው ሚጀምሩ አሉ፣ ያዋጣል፣ ግን ሩብ ብያለሁ፣ እጃችሁ እንዳይቀጥል።

የተጨመቀውን ሞላ ለምሳ ብላችሁ ትታችሁ እንዳትሄዱ። ወይ አዲሱን ሾክ ግጠሙበት፣ ወይ ቀስ ብላችሁ አላሉት። አዲሱን ስትጨምቁ ደሞ ከአሮጌው ረዘም ስለሚል ተጨማሪ ጫና ይፈልጋል፣ እዛ ላይ ነው አሮጌ መጭመቂያ ሚበጠሰው። ስትመልሱ የሞላው ጫፍ በታችኛው መቀመጫ ላይ ያለችው ጉድጓድ ውስጥ በትክክል መግባቱን በጣታችሁ ሳይሆን በብትር ነክታችሁ እዩ።

ታዲያ ከላይ ካልኩት ጋር ሳወዳድረው፣ መሳሪያው አዲስ ከሆነና ከዚ በፊት ሲሰራ አጠገቡ ቆማችሁ ያያችሁ ከሆነ ተጠቀሙበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነና ከተማችሁ ውስጥ ተከላ መጭመቂያ ያለው ጋራዥ ካለ፣ ባህርዳርም ማርቆስም አይጠፋም፣ ገንዘቡን ክፈሉት። ራቅ ያለ ቦታ፣ ሞጣ ወይ ዱርቤቴ አካባቢ ሆናችሁ መኪናዋ ከቆመችባችሁ ደሞ እግሩን አውጥታችሁ በሚኒባስ ጭናችሁ መላክ ትችላላችሁ እኮ፣ መኪናዋ መሄድ የለባትም።

የላዳው ጉዳይ ለብቻው ነው። እዛ ላይ አውጥቶ መላክ ሚባል የለም፣ ሞላው ጉልበቱን ሚያፈሰው መኪናዋ ላይ እያለ ነው። በዛ ላይ ሞላው ብራቾው ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለተቀመጠ፣ እንደ ማንሻ እንጨት አስቡት፣ ጎማው ከሚሸከመው በላይ ነው እሱ ሚሸከመው። ስራው በጥቅሉ ሾኩ ከመሃል ይወጣል፣ ማረጋጊያ ብረቱ ይለቀቃል፣ ታችኛው ብራቾ ስር ክሪክ ይገባና ጫናውን ይይዛል፣ ታችኛው ቦል ጆይንት ይለቀቃል፣ ከዛ ክሪኩ በጣም በቀስታ ሲወርድ ብራቾው አብሮ ይወርድና ሞላው ይላላል። ሲወራ ቀላል ነው። ግን ብራቾው ሲወርድ ቀጥ ብሎ አይደለም፣ ቅስት ሰርቶ ነው፣ ስለዚ ክሪኩ አብሮት መንቀሳቀስ ካልቻለ ይንሸራተታል። ለዚ ስራ ቀጥ ብላ ምትቆመዋ የመኪናዋ ክሪክ አትሆንም፣ ጎማ ያለው የጋራዥ ክሪክ በተለሰነ ሲሚንቶ ላይ ነው፣ ጭቃ ላይ ጭራሽ አይታሰብም።

እኛ ያደረግነው በሞላው መሃል ወፍራም ሰንሰለት አሳልፈን ላላ አድርገን ከሻሲው ጋር አሰርነው፣ ሰንሰለቱ ሞላውን ለመጭመቅ አይደለም፣ ካመለጠ እንዳይርቅ ነው። ክሪኩን ሚያወርደው ሰው ከመኪናዋ ፊት ወይ ከጎን ርቆ በረጅም እጀታ ነው የሰራው፣ ሌላው ሰው ሙሉ በሙሉ ዞር አለ። ለላዳ ሚሆን በሞላው ውስጥ ሚገባ አንድ ብሎን ያለው መጭመቂያ አለ፣ ከተገኘ ከክሪኩ በፊት እሱ ይቅደም። ሁሉ ተደርጎም በእውነት ልንገራችሁ፣ ላዳን ድጋሚ አልሰራትም፣ ወዳጄንም ለጋራዥ ስጥ ነው ምለው። ልቤ አልተመቸውም።

ሽቦው ቀረ አይደል። ሞላውን መኪናዋ ላይ በክብደቷ ተጨምቆ እያለ በወፍራም ሽቦ ወይ በገመድ ያስሩታል፣ ከዛ እግሩን አውጥተው ዳዶውን ይፈታሉ፣ ከዛ ሽቦውን በፒንሳ ይቆርጡታል ወይ ቀስ ብለው ይፈታሉ ይባላል። ቀስ ብሎ ሚፈታ ሽቦ አላየሁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሚለው ለዚ የተባለ ይመስል። ፍኖተ ሰላም ማውቀው አንድ ልጅ አራት ቦታ አስሮ ሁለተኛውን ሲቆርጥ ሌሎቹ በራሳቸው ተበጠሱ፣ ሞላው የጎረቤቱን ቆርቆሮ አጥር በስቶ ወጣ፣ ልጁ ጎንበስ ብሎ ስለነበር ብቻ ነው የተረፈው። "እኔ አስር አመት በሽቦ ሰርቻለሁ" ሚል መካኒክ ታገኛላችሁ፣ እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ አስራ አንደኛው አመት ላይ ግን እናንተ አጠገቡ እንዳትገኙ። በእሳት እያሞቁ ማላላትና በግራይንደር ዙር መቁረጥም ከዚው ሰፈር ናቸው፣ የሞቀ ሞላ ሙቀቱ ባገኘው ቦታ ጥንካሬውን ያጣል፣ ቆይቶ እዛው ላይ ይሰበራል ወይ ይተኛል።

በየትኛውም መንገድ ሄዳችሁ ስትገጥሙ፣ ብራቾ ላይ ጎሚኒ ውስጥ ሚያልፉትን ብሎኖች ነክታችሁ ከሆነ መጨረሻ ምታጠብቋቸው መኪናዋ ጎማዋ ላይ ካረፈች በኋላ ነው፣ አየር ላይ ካጠበቃችኋቸው ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። የላይ ሶስቱን ዳዶ በእጅ አስጀምሩ፣ ጥርሳቸው ቀጭን ነው፣ በጉልበት አይሆንም። የፍሬን ቱቦው መሪው እስከ መጨረሻ ግራና ቀኝ ሲዞር እንደማይወጠርና ጎማውን እንደማይነካ እዩ፣ ካሊፐር ፈታችሁ ከነበረ ደሞ ሞተር ሳታስነሱ የፍሬን ፔዳሉን ደጋግማችሁ ረግጣችሁ ጠንካራ እስኪሆን አረጋግጡ፣ መጀመሪያ ላይ ባዶ ነው ሚሄደው፣ በደመነፍስ ከበር ከወጣችሁ አጥር ላይ ነው ምትቆሙት።

አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከያ) መሄድ የግድ ነው፣ ምልክት አድርጌበታለሁ ብላችሁ አትዝለሉት፣ ቁመቷ ስለተቀየረ የጎማው አቀማመጥም ተቀይሯል፣ ካልተስተካከለ አዲስ ጎማ በአንድ ጎኑ በወራት ውስጥ ይበላል። እና ከዛ በፊት ወደ ደጀን እንዳትነዱ፣ የአባይ በረሃ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው ሚያወርደው፣ እዛ ላይ ነው መሪው ወደ አንድ ጎን እየሳበ መሆኑን ማወቅ ማትፈልጉት። ሰፈር ውስጥ ዙሩ፣ ኮብልስቶን ላይ ጆሯችሁን ጣሉ፣ ጓ ካለ ብዙ ጊዜ ሞላው ከጉድጓዷ አልገባም ወይ የመሃሉ ዳዶ አልጠበቀም። እኔ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን፣ የላይ ሶስቱንና የታች ሁለቱን ድጋሚ በመፍቻ ዞርኳቸው፣ አንዷ የጎማ ዳዶ ሩብ ዙር ሄደችልኝ።